የወይራ አመድ

ይህን ታሪክ ከመንገድ ለቅሜ አላመጣሁትም። የሆነው መካነ ሰላም ውስጥ፣ በእናቴ እህት በብዙዬ ቤት ነው። አክስቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስትነግረኝ ማተቧን በጣቶቿ ይዛ ነበር።

መጨረሻው ላይ ደግሞ እኔም ነበርኩ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ። ጨለማ አልነበረም፣ ጉምም አልነበረም።

ቀትር ነበር... ልክ ስድስት ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር የሚገባበት ሰዓት።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ ሦስት ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው።

ብዙዬ የምትኖረው ከከተማዋ ዳር፣ መሬቱ ወደ አባይ በረሃ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት ላይ ነው። ከእሷ ግቢ በታች በስተምዕራብ አንድ ቤት ብቻ ነበር። የፈዲላ ቤት። ሁለቱን ግቢዎች የሚለየው እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ሲሆን፣ ካቡ መሃል ላይ አንድ ክፍተት ነበረው። ክፍተቱን ማንም አልሠራውም። ሁለቱ ሴቶች ሲመላለሱ እግራቸው ነው ያፈረሰው።

ብዙዬ ልጇን ኪዳንን ስትወልድ ክፉኛ ታማ ነበር። አርባ ቀን ያህል ራሷን አታውቅም ነበር። ፈዲላ ያኔ የመጨረሻ ልጇን ታጠባ ነበርና ኪዳንንም ወስዳ አብራ አጠባቻት። አንዱ ጡት ለልጇ፣ አንዱ ጡት ለጎረቤቷ ልጅ። ለልጆች ቁርኣን እያስቀሩ የሚያስተምሩት ባሏ ሸህ ሀቢቡላህ፣ ይህች ከእንግዲህ የልጆቼ እህት ናት ብለው ዱዓ አደረጉ። የብዙዬ ባል ይሄነውም አንድ ሙክት ከነነፍሱ ነድቶ ሰጣቸው፣ በእጃቸው አርደው እንዲበሉት።

ኪዳን የፈዲላ የጡት ልጅ ሆነች።

ብዙዬ ይህን ውለታ ለሰው ስታወራ ዓይኗ እንባ ይሞላ ነበር። ብቻዋን ስትሆን ግን... ውለታው እግር ውስጥ እንደቀረ እሾህ ይወጋታል።

ምክንያቱም ኪዳን ስትወድቅ፣ ስትደነግጥ፣ ሲያማት፣ የምትጠራው "እማ ፈዲላ" ብላ ነው።

የእናቷን ስም አይደለም።

ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሞላት አራጋው የሚባል ወጣት ከደሴ መጣ። ለሁለተኛ ዲግሪው ስለ ዶሮ የሚያጠና ነው። በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ሃያ አራት ቄቦችና ሁለት አውራዎች ይዞ መጥቶ፣ ለሁለት ቤት እኩል እንደሚያካፍል ተናገረ። አንደኛው ቤት ውሃቸው ውስጥ መድኃኒት እየጨመረ ያሳድጋል። ሁለተኛው ቤት ያለምንም ነገር ያሳድጋል፣ ለማነጻጸሪያ። በመጨረሻ ዶሮዎቹ ለየባለቤቶቻቸው ይቀራሉ፤ የተሻለ ያረባችው ሴት ደግሞ የቀበሌው ሞዴል ትባላለች።

የአንድ ለአምስት ቡድኑ ብዙዬንና ፈዲላን መረጠ። ጎረቤታሞች ናቸው፣ ውሃውም አየሩም አንድ ነው።

አራጋው ከቦርሳው የጡጦ መጠን ያላት ነጭ ብልቃጥ አወጣ። ውስጧ ግራጫ ዱቄት ነበር። ዱቄቱ ውስጥ ያለው የአንገት መስቀል የሚሠራበት ብር መሆኑን፣ ነገር ግን በጣም ከመድቀቁ የተነሳ ዓይን ቀርቶ የትምህርት ቤት አጉሊ መነጽር እንኳ እንደማያየው አስረዳቸው። ናኖ ይባላል አለ። ትልቁ ብር ላይ ላዩን ይቀራል፤ ይህኛው ግን ደም ድረስ ይገባል፣ ተሐዋስያንን ይገድላል፣ መበስበስን ይከለክላል።

ፈዲላ ሳቀች። "እንግዲያው እኛ ብሩን አንገታችን ላይ እናስረዋለን፣ ዶሮዎቹ ሊውጡት ነው" አለች።

ሁሉም ሳቁ። ብዙዬም ሳቀች።

ዕጣው ሁለት ብጣሽ ወረቀት ነበር፤ ምልክት ያለበት ለደረሳት ሴት መድኃኒቱ ነው። አራጋው ቆቡ ውስጥ ጨምሮ፣ ሕፃን ታውጣልን ብሎ ኪዳንን ጠራት።

ኪዳን እጇን ከተተች። አንዱን ወረቀት አወጣች።

ከዚያ... በእናቷ ጉልበት ሥር አልፋ ሮጠችና ለፈዲላ ሰጠቻት።

ምልክቱ ያለበት ወረቀት ነበር።

"ልጄ ዕድሌን አመጣችልኝ" አለች ፈዲላ፣ ኪዳንን አንስታ እየሳመች።

በእኛ አገር የሰው መልካም ነገር ያየ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ማሻአላህ ይላል። ዓይን እንዳያርፍበት ነው። ብዙዬ የፈዲላን ልጆች፣ የፈዲላን ጤፍ፣ የፈዲላን አዲስ የጣሪያ ቆርቆሮ አይታ ማሻአላህ ያላለችበት ቀን አልነበረም።

ያን ቀን አላለችም።

ፈዲላም ልብ ብላዋለች። ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየቻትና ዓይኗን መለሰች።

አሥር ቀን አለፈ። ፈዲላ ለለቅሶ ደጎሎ መሄድ ነበረባት፣ ለሁለት ቀን። ዶሮዎቿን ውሃ እንድታጠጣላት ብዙዬን ለመነቻት፤ ብልቃጧንም የጆሮ ማጽጃ ከምታክል መለኪያ ማንኪያዋ ጋር ሰጠቻት። ለአንድ ማጠጫ አንድ ማንኪያ፣ አፉ ተስተካክሎ። ከሌላ እጅ ያንች እጅ ይሻለኛል ብላት ሄደች።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ነበር። ብዙዬ ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ብልቃጧን ከፈተች።

ከፊት ለፊቷ የወይራ አመድ ነበር። ይሄነው ከገደሉ አፋፍ የሚያመጣው ወይራ ሲነድ አመዱ እንደ ዱቄት ይልማል።

ቀለሙ ልክ አንድ ነው።

በወንፊት ነፋችው። ዱቄቱን ወደ ራሷ ጠርሙስ ገለበጠች፣ አመዱን ወደ ብልቃጧ ሞላች። እኩል እንድንሆን ብዬ ነው አለች ለራሷ፤ እሷ ሁሉም አላት፣ ልጄም ጭምር።

እኩል ለመሆን ግን አንድ ማንኪያ ይበቃ ነበር።

ብዙዬ ለራሷ ዶሮዎች አሥር እጥፍ ነው የሰጠቻቸው።

ከዚያ በኋላ የብዙዬ ዶሮዎች ላባቸው ማንጸባረቅ ጀመረ። ከፈዲላ ዶሮዎች አንድ ወር ቀድመው እንቁላል ጣሉ። አራጋው ሊመዝን መጥቶ አሥራ ሁለቱን እንቁላሎች አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ።

ሃምሳ ሦስት ግራም። ሃምሳ ሦስት። ሃምሳ ሦስት...

ሚዛኑን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ቁልፍ መዘነበት። ሚዛኑ ደኅና ነበር።

"ምን እየመገብሻቸው ነው?" አላት።

"ፍርፋሪ" አለችው።

በየማለዳው አንድ እንቁላል ለኪዳን መቀቀል ጀመረች። ልጅቷ ቁርሷን ፈዲላ ቤት ትበላ ነበርና፣ ይህን ማስቀረት ፈልጋ ነው። ተሳካላት። ኪዳን እንቁላሉን ትበላለች፣ ደጃፍ ትቀመጣለች፣ የትም አትሄድም። ብዙዬ በጓዳዋ ዘፈነች።

መጋቢት ሲያልቅ ፈንግል ገባ።

ያንን በሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዶሮዋ ትደበራለች፣ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ በማግሥቱ የለችም። የመንደሩ ዶሮ በሳምንት አለቀ። የፈዲላ አሥራ ሦስቱም በአራት ቀን ሞቱ። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ብልቃጧን ይዛ፣ በትንሿ ማንኪያ አፏን አስተካክላ እየለካች ታጠጣቸው ነበር።

የብዙዬ ዶሮዎች አላስነጠሱም እንኳ።

አራጋው ደብተሩ ላይ መድኃኒቱ ለውጥ አላሳየም ብሎ ጻፈ። ለብዙዬ ደግሞ የእጅሽ በረከት ነው አላት። በስብሰባ ላይ ሞዴል ተብላ ተጨበጨበላት፣ ዶሮ ታቅፋ ፎቶ ተነሣች። ፈዲላም ከሴቶቹ መሃል ቆማ አጨበጨበች።

ብዙዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ደስ ብሏት ሰነበተች።

ከዚያ የዶሮ ቤቱን ለመጥረግ ገባች...

ሽታ የለውም።

የስድስት ወር ኩስ ወለሉ ላይ ተከምሯል፤ ግን አይሸትም። ዝንብ የለበትም። ጉንዳን በግድግዳው ሥር ተሰልፎ ይመጣና በሩ ጋ ሲደርስ ይመለሳል።

ሌላ ቀን አንድ እንቁላል ከእጇ አምልጦ ድንጋይ ላይ ፈሰሰ። ሥራ ይዟት ሳትጠርገው ቀረች። በአምስተኛው ቀን ስታየው አስኳሉ እንደ ክብ ወርቅ ቆሟል። አልደረቀም።

ለዳግማይ ትንሣኤ ይሄነው አውራውን አረደው። የወጣው ደም አንድ ሲኒ አይሞላም። የዶሮ ሥጋ ታጥቦ ውሃው እስኪጠራ ስንት ውሃ እንደሚደፋ ሴት ታውቃለች። ብዙዬ የመጀመሪያውን ውሃ ስትደፋ... ውሃው የጠራ ነበር።

አሥራ ሁለቱን ብልት አወጣች። ሁሉም ለብ ያሉ ነበሩ።

ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እሳት ላይ ዋለ። ሥጋው አልነጣም፣ አልበሰለም። ይሄነው አንዱን ቁራጭ አንስቶ አየና መልሶ አስቀመጠው።

"ለውሻው ስጪው" አለ።

ውሻው አልበላውም። ሄዶ ካቡ ሥር ተኛ።

"ብዙዬ፣ እነዚህን ዶሮዎች ምን አድርገሻቸዋል?" አላት ባሏ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምንም።"

ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም። እንቁላል ግን መብላት ተወ።

ዝናብ በጣለ ማግሥት ደግሞ የሸለምጥማጥ ዱካ ጭቃው ላይ አገኘች። አውሬው እስከ ዶሮ ቤቱ በር ድረስ መጥቷል። በሩ ክፍት ነበር፤ ማታ መዝጋት ረስታ ነው። ዱካው ደፉ ላይ ሲደርስ ዞሮ ይመለሳል። የመጣው በእርምጃ ነው። የተመለሰው በሩጫ።

ግንቦት ላይ ነው የመጀመሪያውን ቀትር ያየችው።

ከታዛው ሥር ተቀምጣ ስንዴ ትለቅም ነበር። ድንገት ግቢው ጸጥ አለ። መጫር የለም፣ መንቆር የለም።

ቀና አለች።

አሥራ ሁለቱ ዶሮዎች በተርታ ቆመዋል። አንገታቸው ተዘርግቷል። ሁሉም ወደ ምዕራብ... ወደ ካቡ ክፍተት... ወደ ፈዲላ ቤት ያያሉ።

በተርታው ጫፍ ኪዳን ቆማለች። እጆቿ ጎኗ ላይ ተጣብቀዋል።

"ኪዳን... ኪዳኔ፣ ምን ታያለሽ?"

ልጅቷ ሳትዞር መለሰች። "እየጠበቅን ነው።"

"ማንን?"

ጥቂት ቆይቶ ጥላው ከእግራቸው ሥር ትንሽ ወጣ አለ። ዶሮዎቹ መጫር ጀመሩ። ኪዳን ዞረችና "ምን አልሽኝ እማዬ?" አለቻት።

ያን ቀን ልታጥባት ስታወልቃት ብዙዬ ጉልበቷን አየች። ኪዳን ከፋሲካ በፊት ወድቃ ተልጣ ነበር። ቁስሉ አሁንም አለ። አልደማም፣ ቅርፊት አልያዘም፣ አልሻረም። አሁን የተላጠ ይመስላል።

ስታነቃንቀው የነበረው የፊት ጥርሷም አልወለቀም።

ብዙዬ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። መዘኗት፣ ለኳት፣ ዓይኗን አዩ። ጤነኛ ናት አሏት። ክብደቷ በጥር ከተመዘነችው ጋር አንድ ነው፤ ምግብ ጨምሪላት አሏት።

ወደ ቤት ስትመለስ የቀረውን ዱቄት ሽንት ቤት ጨመረችው። እንቁላሉንም ለልጅቷ መስጠት አቆመች።

ቀትር ሲሆን... ልጅቷ ወጥታ ቆመች።

በየቀኑ። ስድስት ሰዓት። ፊቷን ወደ ፈዲላ ቤት አዙራ።

ብዙዬ ከዚህ በላይ አልቻለችም። የሰኔ ሚካኤል ዕለት ጠዋት ክፍተቱን አልፋ ፈዲላ ቤት ገባች። ፈዲላ ብቻዋን ምስር እየለቀመች ነበር። ጎኗ ጠጋ አድርጋ አስቀመጠቻት። ለረጅም ጊዜ ሁለቱም ምስሩን ለቀሙ።

"ፈዲላ... ያች ብልቃጥ..."

"አመዱን ነው?" አለች ፈዲላ።

የብዙዬ እጅ ቆመ።

"ከደጎሎ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ምላሴ ላይ አድርጌ ቀመስኩት። እኛ የምናነደው ባሕር ዛፍ ነው። የወይራ አመድ የማን ምድጃ እንደሆነ አጣዋለሁ እንዴ?"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል?"

"ስድስት ወር ሙሉ አመድ እየለካሽ..."

"ይሄን ክፍተት ትዘጊዋለሽ ብዬ ፈራኋ" አለች ፈዲላ፣ በእጇ ወደ ካቡ እያሳየች። "ዶሮ ይሙት። ዶሮ ይተካል። ልጄን እንዳትከለክዪኝ ብዬ ነው።"

ብዙዬ የመጣችው አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልትላት ነበር። ቃሉ ከጉሮሮዋ ደርሶ ነበር። አንድ ትንፋሽ ቀርቶት ነበር።

ልጄን የሚለውን ሰማች።

"የማን ልጅ?" አለች።

ፈዲላ ምስሩን ሰበሰበች። ቀስ ብላ፣ "ያንችም፣ የኔም" አለች። ከዚያም ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ፣ "ብዙዬ፣ ቀትር ሲሆን በሬን እዘጋለሁ። በስንጥቁ ሳይ ግን ዶሮዎቹም እሷም... ዓይናቸው አይርገበገብም። ምን አብልተሻት ነው?" አለቻት።

ብዙዬ ተነሥታ ወጣች። ከቀትር በፊት ክፍተቱን በድንጋይ ደፈነችው።

ክረምቱ አለፈ። ሸህ ሀቢቡላህ አቀስታ ላይ ቁርኣን እንዲያስቀሩ ተጠሩና መስከረም 2008 ላይ ቤተሰቡ ዕቃውን ጫነ። ሚኒባሱ መንገድ ዳር ሲጠብቅ ፈዲላ በተደፈነው ክፍተት በኩል ቆመች። ይሄነው እንዳይሰማ ይሁን፣ ወይም ድምፅ አልወጣ ብሏት፣ ሹክ ብላ ነው የተናገረችው።

"አንዴ ልያት። ልሳማትና ልሂድ።"

"ተኝታለች" አለች ብዙዬ።

ኪዳን ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር።

ፈዲላ እጇን ካቡ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ሄደች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሚኒባሱ ተነሣ። ዶሮዎቹ ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል። ብዙዬ ባዶውን ቤት እንደሚያዩ ጠብቃ ነበር። ሚኒባሱ ዳገቱን ይዞ በከተማዋ ዙሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አቀስታ መንገድ ሲታጠፍ... አሥራ ሁለቱም አንገቶች አብረው ዞሩ። ቀስ ብለው። እግር አልተነቃነቀም፣ ላባ አልተነቃነቀም። አንገት ብቻ።

ወደ ቤት ሮጣ ገባች።

ኪዳን በምሥራቁ ግድግዳ ላይ አፍንጫዋን አስጠግታ ቆማ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሦስት መስከረም ልጅቷን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ ወሰደቻት። የምታውቁት ነው፣ የልደት ወረቀት ለሌለው ልጅ ክንዱን በአናቱ ላይ አሳልፎ የወዲያኛውን ጆሮውን እንዲነካ ይደረጋል። ከነካ ደርሷል ማለት ነው።

በ2008 የኪዳን ጣት ጆሮዋ ላይ አልደረሰም። በ2009 አልደረሰም። በ2010ም አልደረሰም፤ መምህሩ ሳቅ ብሎ፣ ይህችን ልጅ እኮ አምና አይቻታለሁ፣ ቀሚሷም ያው ነው አለ።

ቀሚሷ ያው ነበር። አልጠበባትም።

ከዶሮዎቹም አንዲት አልሞተችም። ይሄነው ሁሉንም ደጎሎ ገበያ ወስዶ ነበር፤ ሰው እየመጣ በእጁ ያነሣቸዋል፣ ፊታቸውን ያያል፣ መልሶ ያስቀምጣቸዋል። የጠየቀም የተከራከረም አልነበረም። መልሶ አመጣቸው።

እኔ የሄድኩት በ2010 ሚያዝያ ላይ ነው። ይሄነው ደጎሎ ነበር። አክስቴ ከቤቱ በር ፊት ለፊት ባለው መደብ ላይ አጠገቧ አስቀምጣኝ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ጠዋቱ አለቀ። በሩ ከኋላችን ገርበብ ብሎ ነበር። ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም።

ኪዳንን አየኋት። ጭቃ ላይ ተቀምጣ በእንጨት መስመር ታሰምር ነበር። ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ አትመስልም። ጉልበቷን ማየት አልፈለግሁም... ግን አየሁት።

"ካለፈው ሰኞ ጀምሮ መዞር ጀምረዋል" አለችኝ አክስቴ።

"እነማን?"

"ሁለት ዓመት ተኩል ወደ አቀስታ ነበር የሚያዩት። ሰኞ ትንሽ ዞሩ። ማክሰኞ ትንሽ። ትናንት ወደ ግቢያችን በር ያዩ ነበር።"

ለፈዲላ ደውላ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ከሄደች ወዲህ አንድ ቀን አልደወልኩም። ትናንት ደወልኩ" አለች። "ይጠራል። አይነሣም።"

ከዚያ ግቢው ጸጥ አለ።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት።

ዶሮዎቹ ከየነበሩበት መጥተው ተሰለፉ። ኪዳን እንጨቱን ጥላ ተነሣችና በጫፉ ላይ ቆመች። አንገታቸው ወደ ግቢው በር ነበር። ባዶ መንገድ ነው፣ ማንም የለም።

አንገቶቹ መዞር ጀመሩ።

ከበሩ ወደ ማድጋው... ከማድጋው ወደ ምሰሶው... አንድ ሰው በቀስታ እየተራመደ እንደሚያልፍ ዓይነት።

ወደ እኛ ዞሩ።

እኛን ግን አላዩም። በትከሻችን መሃል አሻግረው ከኋላችን ያለውን ገርባባ በር ነበር የሚያዩት።

"አትዙር" አለችኝ አክስቴ በሹክሹክታ። ክንዴን ያዘችኝ።

ከቤት ውስጥ፣ በጣም ቅርብ ከሆነ ቦታ፣ የሴት ድምፅ ተሰማ። ለስለስ ያለ፣ የደከመው።

"ማሻአላህ..."

አክስቴ ሳትዞር ከንፈሯ ተነቃነቀ። "አፉ በይኝ" አለች። "ፈዲላ... አፉ በይኝ።"

ኪዳን ፈገግ አለች። ሦስት ዓመት የተነቃነቀው ጥርሷ ከአፏ ወደቀ። ከተላጠው ጉልበቷ ደም ጠብ አለ፣ ከዚያ በእግሯ ላይ ወረደ። "እማ ፈዲላ" ብላ በመሃላችን ሮጣ አለፈች።

በሩ ከኋላችን ተዘጋ።

መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማነው። የቤቱ መቀርቀሪያ ከውስጥ ነው፤ ይሄነው ሆነ ብሎ ከፍ አድርጎ ነው የመታው፣ የኪዳን እጅ እንዳይደርስበት።